ውቅያኖስ በኦሎምፒያ ጣራ ላይ

በሐምሌ አጋማሽ፣ ቀትር ሲያልፍ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው ጎዳና ኦሎምፒያ ላይ ዝናብ ደርሶበት ከአንድ ቡና ቤት ደጃፍ የተጠለለ መንገደኛ፣ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ጎርፉም ፌስታልና የበቆሎ ቆረቆንዳ እየገፋ በአስፋልቱ ዳር ሲወርድ እያየ ሳለ፣ አጠገቡ የቆሙት አዛውንት «እኛ እንግዲህ ባሕር የሌለን ሰዎች ነን» ብለው ሲተክዙ ቢሰማ፣ ለአክብሮት ያህል አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል እንጂ፣ በእግሩ ሥር የሚወርደው ውሃ ከጥቂት ቀናት በፊት የት እንደ ነበረ አይጠይቅም።

አዛውንቱን መውቀስ አይገባም። ከ1985 ዓ.ም ወዲህ ባሕር የሚለው ቃል በአፋችን ላይ እየጠበበ ሄዶ «የባሕር በር» ከሚለው ሐረግ በቀር ማደሪያ ያጣ ይመስላል፤ ጣናን ባሕር ብለው ከተማቸውን ባሕር ዳር ያሰኙ፣ የጠረፉንም ገዥ ባሕረ ነጋሽ ብለው የሾሙ አባቶች ቃሉን በዚህ ልክ አልጨመቁትም ነበር። የወደብን ነገር የመንግሥታት አማካሪዎችና ነጋዴዎች ይከራከሩበት፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሌላ ነው። ባሕርን ከወደብ ለይቶ የማያይ ሕዝብ የገዛ አገሩን መልክዓ ምድር አጉድሎ ያውቃል፤ ይህች አገር ጠረፍ ባይኖራትም የባሕር ሥራ ግን ከላይም ከታችም የያዛት፣ እርሷም በተራዋ በሩቅ ባሕር ውስጥ ሥራ ያላት ናትና።

የቤተ ክርስቲያን መምህራን በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው፣ ውሃ ለሦስት ተከፍሎ ሲሶው ጠፈር፣ ሲሶው ከጠፈር በላይ ሐኖስ፣ ሲሶውም በታች ቀርቶ ውቅያኖስ ሆነ ይላሉ። (ውቅያኖስ የሚለው ስም ከጽርእ የመጣ ነው፤ ኦሎምፒያም እንዲሁ፤ ሁለቱ ስሞች ከአንድ አገር ተነሥተው በአንድ የአዲስ አበባ ሠፈር ዝናብ ሥር መገናኘታቸው ደስ ያሰኛል።) የዛሬው የምድር ጥናት ይህን አከፋፈል በዚያው ሥርዓት ባይቀበለውም፣ የላዩና የታቹ ውሃ በመሠረቱ አንድ መሆኑን ግን ያጸናል። ውቅያኖስ ከምድር ገጽ 71 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል፤ አማካይ ጥልቀቱ 3,700 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እንጦጦ ተነቅሎ በአማካዩ የባሕር ወለል ላይ ቢተከል፣ ራሱ ከውሃው በታች ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሰምጦ ይቀራል፤ ራስ ደጀን እንኳ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ አናቱን ብቅ አድርጎ አንዲት ደሴት ይሆናል። ከፍታችን የሚያኮራን በደረቁ ላይ ቆመን ስንለካው ነው።

ከዚህ ከቀላይ የሚነሣው እንፋሎት ነው ክረምታችንን የሚሠራው። በበልግ የሚዘንበው በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ ይመጣል፤ በክረምት ግን ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የኮንጎን ደን እያረሰረሰ የሚዘልቀው ነፋስ፣ ከደቡብ ምሥራቅ የሚገባው የሕንድ ውቅያኖስ አየር፣ በሰሜን በኩልም የቀይ ባሕር እርጥበት ተደማምረው ከደጋው ጋር ሲጋጩ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ ይዘንባሉ። ይባስ ብሎ ማንም ኢትዮጵያዊ ገበሬ አይቶት የማያውቀው ሰላማዊ ውቅያኖስም በዚህ ይፈርድብናል። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች በልደት ሰሞን ስለሚብስ በሕፃኑ በክርስቶስ ስም ኤልኒኞ ያሉት የባሕር ሙቀት ሲበረታ የእኛ ክረምት ይሳሳል፤ በ2007 ዓ.ም ክረምት እንዲሁ ሆኖ፣ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ። ወደብ ቢኖረን ኖሮ ይህን አያስቀርልንም ነበር።

አሁን ወደ ጎርፉ እንመለስ። እንጦጦ ላይ የወረደ ጠብታ ዕጣው በአንድ ክንድ ርቀት ይለያያል። በሰሜኑ ገጽ ወደ ሱሉልታ የወደቀው በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀልና ሜዲትራንያን ሊደርስ ይችላል። በደቡቡ ገጽ የወደቀው፣ ከእርሱም ጋር የኦሎምፒያ ጎርፍ፣ ወደ ቀበና፣ ከቀበና ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ዓባይ በሩቁ ባሕር የሠራው ሥራ በደልታው አፈር ብቻ አይለካም። በ1947 እና በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አልባትሮስ የተባለችው የስዊድን መርከብ በየባሕሩ እየዞረች ከወለሉ ረጃጅም የደለል ምሶሶ ስታወጣ፣ በምሥራቅ ሜዲትራንያን ግራጫው ጭቃ በየመካከሉ በጥቁር ድርብርብ የተቆረጠ ሆኖ ተገኘ። የኋላ ሊቃውንት ምክንያቱን መርምረው ደረሱበት፤ በአፍሪካ ዝናብ በበረታበት ዘመን ዓባይ ሞልቶ ሲገባ፣ ጣፋጩ ውሃ በጨዋማው ላይ እንደ ክዳን ይንሳፈፋል፣ የላዩ ውሃም አየሩን ይዞ ወደ ታች መውረድ ይሳነዋል፣ ከታችም ትንፋሽ አጥቶ የሞተው ፍጥረት ሳይበሰብስ እየተከማቸ ይጠቁራል። የመጨረሻው ጥቁር ድርብ ከዛሬ 10,000 እስከ 6,000 ዓመት ገደማ ባለው ዘመን የተኛ ነው። የደጋችን የክረምት ዜና መዋዕል፣ ብራና ፍቆ ቀለም በጥብጦ የጻፈው ሳይኖር፣ በሰው ባሕር ወለል ላይ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው።

አዋሽ ግን ከባሕር አይደርስም። ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሲቃረብ፣ በጅቡቲ ወሰን አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር ሐዲድ ወንዙ ያልጨረሰውን መንገድ ለመጨረስ የተዘረጋ ይመስለኛል፤ ይህ ግን የእኔ ቀልድ ነው።

የነገሩ ልብ ያለው ከዚያው ከአፋር ነው። በዳሎል ዙሪያ ምድሩ ከባሕር ጠለል 120 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ በዳርቻውም ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የዛጎል ድንጋይ፣ በሕያው ባሕር ውስጥ ብቻ የሚበቅለው፣ በፀሐይ ደርቆ ቆሟል። ቀይ ባሕር በሰሜን በኩል እየገባ አጥለቅልቆት፣ ኋላም መግቢያው ሲዘጋበት ተንኖ አልቆ፣ ጨዉን ትቶ ሄደ፤ የጨዉ ውፍረት ከኪሎ ሜትር ይበልጣል። አርሆ የሚባለው የጨው ነጋዴ በግመል ጭኖ ወደ ደጋ ያወጣው፣ በገበያም እንደ ገንዘብ የተመነዘረው አሞሌ እንግዲህ ተጠርቦ የተቆረጠ ባሕር ነበር።

ባሕር ራሱ በር እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንማራለን። ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድ ወንዝ እንኳ የማይገባበት፣ ፀሐይም በየዓመቱ ሁለት ሜትር ያህል የምትጠጣው ውሃ ነው፤ ቆሞ የሚኖረው የሕንድ ውቅያኖስ በባብ ኤል መንደብ፣ በዐረብኛው «የእንባ በር» በተባለው ጠባብ መተላለፊያ፣ እየገባ ስለሚተካለት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ፣ የባሕሩ ወለል 137 ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ያለው ደፍ ነው፤ የዓለም ባሕር 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ባለበት በበረዶው ዘመን በሩ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት፣ የቀይ ባሕር ውሃ ብዙ ፍጥረት ሊኖርበት እስከማይችል ድረስ ጨው ሆኖ ነበር። ያ በር ፈጽሞ ቢዘጋ ቀይ ባሕር ምን እንደሚሆን ለማየት የሚወድ ሰው ዳሎል ወርዶ ይይ።

ነገሩም ገና አላለቀም። በመስከረም 1998 ዓ.ም በዚያው በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ ከምድር በታች የቀለጠ ዐለት ሰርጎ ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርዝመት መሬቱን ሰነጠቀ፣ በአንዳንድ ስፍራም በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር ከፈተው። የዐረብ፣ የኑብያና የሶማሌ ክፍላተ ምድር የሚለያዩት እዚያ ነውና፣ ባሕር በየብስ ላይ እንዴት እንደሚወለድ በእግር ሄዶ ማየት የሚቻልበት ሌላ ስፍራ በዓለም እጅግ ጥቂት ነው። የሚሊዮን ዓመታት ሥራ ስለሆነ የዛሬ ሹማምንት ሊመኩበት አይችሉም፤ ተማሪ ግን ሊማርበት ይችላል፣ የመልክዓ ምድር መምህርም ባሕርን ከመጽሐፉ መጨረሻ አንሥቶ በዚህ ሊጀምር ይገባዋል።

«እንፋሎት መርከብ አያራግፍም» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ስንዴውም ማዳበሪያውም በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚገባበትን ኪራይ ይህ ሁሉ ትምህርት በአንድ ሳንቲም አይቀንሰውም። ነገር ግን የቆዩ የአውሮፓ ካርታዎች ደቡባዊውን አትላንቲክ «የኢትዮጵያ ውቅያኖስ» ብለው እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ሲሥሉ፣ እኛ በዚያ ውሃ ላይ አንድ ታንኳ አልነበረንም፤ ስሙ ግን አልጎደለብንም፣ ዝናቡም ከዚያው ይመጣልን ነበር።

ኦሎምፒያ ላይ ዝናቡ አባርቷል። ሊስትሮው ሳጥኑን ከዳሱ አውጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አዛውንቱም ጃንጥላቸውን ዘግተው ወደ ወሎ ሠፈር አቀኑ። ጎርፉ ከቱቦው ገብቶ ወደ ቀበና ወርዷል፤ ከመንገድ ያልቀረው አቤ ደርሶ ጨዉን እዚያው ይተውና፣ እንደገና እንፋሎት ሆኖ ይነሣል።