እብዱን ነቢይ አናድርገው

በልብ ወለዶቻችንና በግጥሞቻችን ውስጥ ዝም ያለ እብድ ማግኘት ይቸግራል። እብዱ ሁልጊዜ ይናገራል። ሹም የሸሸገውን ይገልጣል፤ ጤነኛ የፈራውን በአደባባይ ይጮኻል፤ ደራሲው በገዛ አፉ ሊለው ያልደፈረውን በቡትቶ ለባሽ አንደበት ያስነግራል። እኛም «እብዶቹስ እኛ ነን!» ብለን ተደንቀን መጽሐፉን እንከድናለን። ይህ ልማድ አክብሮት ይመስላል። እኔ ግን መሸሽ ነው እላለሁ፤ ሰውየውን ላለማየት ከንግግሩ ጀርባ መደበቅ።

ስኪዞፍሬኒያ በሚባለው ሕመም ጎልቶ የሚታየው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትና በማስረጃ የማይናወጥ የሐሰት እምነት ነው። ብዕራችንም የሚሮጠው ወደዚያው ነው። ከዚያ ጀርባ ያለው ጉዳት ግን አይጮኽም። ሐሳብን ሰብስቦ ማቆየት፣ የተነገረን ነገር ለአፍታ በልቡና መያዝ፣ አዲሱን ተምሮ ማስታወስ፣ የነገን ሥራ በቅደም ተከተል ማሰናዳት፣ የሰውን ስሜት ከፊቱ ማንበብ፤ እነዚህ ሁሉ በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ ይዳከማሉ። ድክመቱ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀውስ በፊት ይጀምራል፤ መድኃኒት ድምፆቹን ጸጥ ካሰኘም በኋላ ይቀራል። ሰውየው በሥራው መጽናቱንና ራሱን ችሎ መኖሩን አብዝቶ የሚወስነው ከድምፆቹ ይልቅ ይኸው ነው። እስከ ዛሬም ለዚህ ጉዳት ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም።

በየቤታችን የሚሆነውን እናስብ። ድምፆቹ የጠፉለት ወጣት «ተመስገን፣ ዳነ» ይባላል። እናቱ ሽንኩርት፣ ጨውና ክብሪት እንዲገዛ ትልከዋለች፤ ክብሪት ብቻ ይዞ ይመለሳል። ሥራ ይገባል፤ የታዘዘውን ሲያምታታ ይሰናበታል። ያን ጊዜ «ሰነፍ ነው»፣ «አውቆ ነው» ይባላል። ጩኸቱን የታገሠው ቤት ዝምታውን መታገሥ ያቅተዋል። ስለዚህ ልጅ የጻፈ ማን ነው? ልጁ ትንቢት የለውም፤ የጠፋበት የገበያ ዝርዝር ብቻ ነው ያለው።

የቅኔ ወዳጆች የሚያውቁትን አንድ ሰው ላንሣ። ጀርመናዊው ባለቅኔ ፍሬድሪክ ሆልደርሊን እ.ኤ.አ. በ1806 ቱቢንገን በሚገኝ ክሊኒክ ገባ፤ በ1807 ቢበዛ ሦስት ዓመት ቢኖር ነው ተብሎ ተሰናበተ። ሕመሙን ዛሬ ብዙዎች ስኪዞፍሬኒያ ይሉታል፤ የሚከራከሩም አሉ። ቤቲና ፎን አርኒምን የመሰሉ ጸሐፍት በእብደቱ ውስጥ መለኮታዊ ምሥጢር አዩበት። ቀርቦ ያየው ወጣቱ ቫይብሊንገር ግን በ1831 በታተመ ጽሑፉ ባለቅኔው አንድን ሐሳብ ይዞ መከተል እንደተሳነው መሰከረ። ጎብኚዎች እየመጡ ግጥም ያስጽፉት ነበር። «ስካርዳኔሊ» ብሎ ይፈርምላቸዋል፤ ከዘመኑ ጋር የማይገጥም ቀን ያኖርበታል፤ እነርሱም ወረቀቱን ይዘው ይሄዳሉ።

ሆልደርሊን የኖረው ግን ሦስት ዓመት ሳይሆን 36 ዓመት ነው። ማን አኖረው? ኤርንስት ዚመር የሚባል አናጢ። መጽሐፉን አንብቦ የወደደው ይህ ሰው በኔካር ወንዝ ዳር ባለ ቤቱ ክፍል ሰጠው፣ አበላው፣ ፒያኖ እንዲጫወት አደረገው። አናጢው በ1838 ሲሞት ልጁ ሎተ ባለቅኔው እስካረፈበት እስከ 1843 ድረስ ተንከባከበችው።

«ሥነ ጽሑፍ የሐኪም መዝገብ አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ ሐኪሞቹም ተሳስተዋል። ኤሚል ክሬፕሊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሕመሙን «ያለ ዕድሜ የመጣ የአእምሮ መላሸቅ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ሰየመው፤ ስሙም ተስፋን ዘጋ። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን ይህ የማሰብ ድክመት በአብዛኞቹ ላይ ዓመት በዓመት እየባሰ የሚሄድ አይደለም፤ ልምምድና የሰው እገዛ ያግዙታል። በጉራጌ ምድር፣ በሶዶ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት፣ ሐኪም ያልሆኑ የሠለጠኑ ሠራተኞች ለአንድ ዓመት ወደ ሕሙማኑ ቤት ተመላለሱ፤ ቤተሰቡን አስረዱ፣ በዕለት ኑሯቸው ደገፏቸው። የጤና ተቋም ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የእነዚህ ሕሙማን የኑሮ እክል ቀነሰ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አናጢው ያደረገው ከዚህ በምን ይለያል?

ደራሲ ሐኪም ሁን አልልም። እንደ አናጢው ግን ቤት ሊሠራ ይችላል፤ የሚዘነጋ፣ የሚዘገይ፣ ምንም ምሥጢር የማይገልጥ፣ ቢሆንም ሙሉ ሰው የሆነ ገጸ ባሕርይ የሚኖርበት ቤት። ይህን እስክናደርግ ድረስ አድናቆታችን ተረቱ እንደሚለው ነው፤ የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል።