ዋንጫው ያለው ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው፦ የነገው የአቡ ዳቢ ውድድር ከመነሻ ሰልፉ ሲነበብ

ደስማ (ኩዌት)፣ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ― ዛሬ አመሻሽ ላይ በአቡ ዳቢ ያስ ማሪና የውድድር ሥፍራ የተካሄደው የሰዓት ማጣሪያ ለነገው የዓመቱ የመጨረሻ የፎርሙላ 1 ውድድር የመነሻ ሰልፉን ለይቷል። የሬድ ቡሉ ማክስ ቬርስታፐን ከሁሉም ፊት ይሰለፋል። በሁለት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ የተቀደመው የማክላረኑ ላንዶ ኖሪስ ሁለተኛ፣ የቡድን አጋሩ ኦስካር ፒያስትሪ ደግሞ ሦስተኛ ሆነው ይነሳሉ። ጆርጅ ራስል በመርሴዲስ አራተኛ፣ ሻርል ለክሌር በፌራሪ አምስተኛ፣ አንጋፋው ፈርናንዶ አሎንሶ በአስቶን ማርቲን ስድስተኛ ናቸው።

ከፊት የተሰለፉት ሦስቱ አሽከርካሪዎች ለዓለም ሻምፒዮንነት የሚፎካከሩትም ሦስቱ ናቸው። ኖሪስ 408፣ ቬርስታፐን 396፣ ፒያስትሪ 392 ነጥብ አላቸው። እስካሁን ከተካሄዱት 23 ውድድሮች እያንዳንዳቸው ሰባት ሰባት አሸንፈዋል። ቬርስታፐን ከተሳካለት ለአምስተኛ ተከታታይ ዓመት ይነግሣል፤ ይህም ከሚካኤል ሹማከር በቀር ማንም ያልደረሰበት ክብር ነው። ለኖሪስም ሆነ ለፒያስትሪ ግን የመጀመሪያቸው ይሆናል፤ ማክላረንም እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ያጣውን የአሽከርካሪዎች ዋንጫ ይመልሳል።

ውድድሩ በኩዌትም ሆነ በአዲስ አበባ ሰዓት ነገ ከቀኑ 10 ሰዓት ይጀመራል። እሑድ በኩዌት የሥራ ቀን በመሆኑ በደስማና በአካባቢዋ ያሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ውጤቱን የሚከታተሉት በሥራ መሃል፣ በስልካቸው ነው። የዐረብኛ ስፖርት ተንታኞች የመነሻ ሰልፉን «ሸበከት አል-ኢንጢላቅ» ይሉታል፤ ቃል በቃል የመነሻ መረብ ማለት ነው። በዚህ መረብ ላይ ብዙዎች የሚያነሱት ጥያቄ «ማን ያሸንፋል?» የሚል ነው። የነገውን ውድድር በትክክል ለማንበብ ግን ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ መረቡ ራሱ በአብዛኛው ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2024 በያስ ማሪና የተካሄዱትን አሥር ውድድሮች ያሸነፈው ሁሉ ከአንደኛው ቦታ የተነሣ አሽከርካሪ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከመነሻው እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ከኋላ ያለው ለመቅደም የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚያም በኋላ ፊት ያለው መኪና የሚያተራምሰው አየር የተከታዩን መኪና ከመንገዱ ጋር የሚያጣብቀውን ኃይል ያሳጣዋል፤ ጎማውንም ያሞቅበታል። የሥፍራው አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 መቀዳደምን ለማቅለል አንዳንድ መታጠፊያዎችን ቢያስተካክልም አንደኛ ሆኖ የመነሣት ጥቅም አልቀነሰም። ስለዚህ ቬርስታፐን ነገ ቢያሸንፍ ሊያስደንቅ አይገባም።

ነገር ግን ማሸነፍ ብቻውን ለቬርስታፐን አይበቃውም። ለአሸናፊ 25፣ ለሁለተኛ 18፣ ለሦስተኛ 15፣ ለአራተኛ 12 ነጥብ ይሰጣል። ቬርስታፐን ቢያሸንፍ 421 ነጥብ ይኖረዋል። ኖሪስ ሦስተኛ ከወጣ 423 ደርሶ በሁለት ነጥብ ሻምፒዮን ይሆናል፤ አራተኛ ከወጣ ግን 420 ላይ ቆሞ በአንድ ነጥብ ያጣዋል። ፒያስትሪ ካሸነፈ ደግሞ ኖሪስ አምስተኛ ቢወጣ ይበቃዋል። በአጭሩ፣ ኖሪስ ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ደረጃ ከጨረሰ የሌሎቹ ውጤት ለውጥ አያመጣም። የዓመቱ ዋንጫ በሦስተኛውና በአራተኛው ቦታ መካከል ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ኖሪስን ወደ አራተኛነት የሚያወርደው ምን ሊሆን ይችላል?» የሚለው ነው።

ይህ ስሌት ራሱ ባለፈው እሑድ በቀጠር የተቀረጸ ነው። በሉሳይል ውድድር መጨረሻ፣ ሊጠናቀቅ ሁለት ዙር ገደማ ሲቀረው፣ አራተኛ የነበረው የመርሴዲሱ ወጣት ኪሚ አንቶኔሊ ከመንገዱ ሲንሸራተት ኖሪስ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ከፍ አለ። ያ ሁለት ነጥብ ባይገኝ ኖሪስ ዛሬ 406 ነጥብ ይኖረው ነበር፤ ነገ ሦስተኛ ቢወጣ ከቬርስታፐን ጋር በ421 እኩል ይሆንና በድል ብዛት ይበለጥ ነበር። አንቶኔሊ ለኩዌት ተመልካቾች እንግዳ አይደለም፤ ከከተማዋ በስተደቡብ የሚገኘው ኩዌት ሞተር ታውን እ.ኤ.አ. በ2023 ያስተናገደው የመካከለኛው ምሥራቅ ፎርሙላ ሪጅናል ሻምፒዮና የዚያ ዓመት ባለድል እርሱ ነበር። ነገ ከአሥረኛው ቦታ ኋላ ስለሚነሣ በፊተኞቹ ፍልሚያ ላይ ተጽዕኖው የጎላ አይሆንም።

ኖሪስን የሚያሰጉት ነገሮች አራት ናቸው። ቀዳሚው አነሣሡ ነው። በዚሁ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2021 ቬርስታፐንና ሉዊስ ሃሚልተን በእኩል 369.5 ነጥብ ለዋንጫ ሲፋለሙ ሁለተኛ ሆኖ የተነሣው ሃሚልተን ገና በመጀመሪያው መታጠፊያ መሪነቱን ነጥቆ ነበር። በዚህ ዓመት በጅዳም አንደኛ ሆኖ የተነሣው ቬርስታፐን በመጀመሪያው መታጠፊያ ከመንገድ ወጥቶ መሪነቱን በማስጠበቁ የአምስት ሰከንድ ቅጣት ተጥሎበት ድሉን ለፒያስትሪ አስረክቧል። ኖሪስ ይህን ምሳሌ ተከትሎ መሪነቱን ለመንጠቅ መሞከር ይችላል። ግን ለምን ይሞክራል? በግጭት ሁለቱም ከውድድር ቢወጡ እንኳ ፒያስትሪ ከኋላ አለ፤ እርሱ ካሸነፈ 417 ይደርሳል፤ ኖሪስም በ408 ይቀራል። የነጥብ መሪው በመጀመሪያው መታጠፊያ የሚያተርፈው ጥቂት፣ የሚያጣው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ስጋት የቬርስታፐን ዘገምተኝነት ነው። ፈጣኑ ሰው ቀስ ማለቱ እንዴት ያስፈራል የሚል አንባቢ የእ.ኤ.አ. 2016ን ውድድር ያስታውስ። ያን ጊዜ ኒኮ ሮዝበርግ ልክ እንደ ኖሪስ በ12 ነጥብ እየመራ ያስ ማሪና ደረሰ፤ ተፎካካሪው ሃሚልተን ቢያሸንፍም ሦስተኛ መውጣት ይበቃው ነበር። ሃሚልተን እየመራ ሆን ብሎ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ፍጠን የሚለውን የቡድኑን ትእዛዝም አልተቀበለም። ዓላማው ከኋላ ያሉት ሮዝበርግን ደርሰው እንዲቀድሙት ነበር። ኢትዮጵያውያን በአቴንስ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንዲደርስባቸው ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ አይተዋል፤ ያ ለወገን የተደረገ ነበር፤ የሃሚልተኑ ግን ለባላንጣ የተዘረጋ ወጥመድ ነው። አራቱ መሪዎች ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቢጨርሱም ሮዝበርግ ሁለተኛነቱን ጠብቆ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ቀን አራተኛ ሆኖ የጨረሰው ቬርስታፐን ነበር፤ ዘዴውን ከቅርብ ርቀት አይቶታል።

ይሁን እንጂ የነገው ሰልፍ ለዚህ ዘዴ አይመችም። ከኖሪስ ቀጥሎ ያለው የራሱ ቡድን መኪና ነው። ቬርስታፐን ቀስ ቢል መጀመሪያ የሚጠቀመው ፒያስትሪ፣ ቀጥሎ ራስል ነው። ፒያስትሪ ኖሪስን ቢቀድም ኖሪስ ሦስተኛ ይሆናል፤ ያም ለዋንጫው ይበቃዋል። ዘዴው የሚሠራው ራስል ወይም ለክሌር ጭምር ኖሪስን ካለፉት ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ቬርስታፐን በኖሪስና በአራተኛው ቦታ መካከል ሁለት ሰዎች ማስገባት አለበት።

ሦስተኛው ስጋት ጎማ የሚቀየርበት ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ ያስ ማሪና መራራ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሎንሶ በፌራሪ ሆኖ ዌበርን በስምንት፣ ቬትልን በ15 ነጥብ እየመራ መጣ። ቬትል አንደኛ፣ አሎንሶ ሦስተኛ ሆነው ተነሡ። አራተኛ መውጣት ይበቃው የነበረው አሎንሶ ቡድኑ ዌበርን ብቻ እያየ ቀድሞ ጎማ ስላስቀየረው ከቪታሊ ፔትሮቭ ኋላ ተቀርቅሮ ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዋንጫውም የቬትል ሆነ። የማክላረን መሐንዲሶች ነገ የሚፈተኑት በዚህ ነው፤ አንዱን ባላንጣ ሲጠብቁ ለሌላው በር እንዳይከፍቱ። ቡድኑ ሁለት መኪና ከፊት ስላለው ጎማ አከፋፍሎ አንዱን ቀድሞ፣ ሌላውን ዘግይቶ ማስገባት ይችላል፤ ሬድ ቡል ደግሞ ከፊት ያለው አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው መኪናው፣ የዩኪ ሱኖዳ፣ አሥረኛ ይነሣል። ኖሪስ ጎማ ቀይሮ ሲወጣ ገና ያልቀየረው ሱኖዳ ፊት ለፊቱ ሊገኝ ይችላል፤ ሰርጂዮ ፔሬዝ በ2021 ሃሚልተንን ያዘገየው በዚሁ መንገድ ነበር።

አራተኛው ስጋት ማንም የማይቆጣጠረው የደኅንነት መኪና ነው። በ2021 የላቲፊ አደጋ በ53ኛው ዙር የደኅንነት መኪናውን ባያስወጣው ቬርስታፐን የመጀመሪያ ዋንጫውን ባላገኘ ነበር። ባለፈው እሑድም ከፊት የተነሡት ሁለቱ ማክላረኖች ነበሩ። አንድ ጎማ ከ25 ዙር በላይ እንዳይሄድ በተወሰነበት የ57 ዙር ውድድር የደኅንነት መኪናው በሰባተኛው ዙር ሲወጣ ሌሎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉ ጎማ ቀየሩ፤ ማክላረን ሁለቱንም መኪኖቹን ውጭ አስቀረ። ሦስተኛ ሆኖ የተነሣው ቬርስታፐንም አሸነፈ። ስለዚህ ማክላረንን ያሸነፈው ሰልፉ ሳይሆን በሰከንዶች ውስጥ የተሰጠ ውሳኔ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ተነሥቶ የሚሰጠው ግምት የሚከተለው ነው፤ ቬርስታፐን የማሸነፍ ዕድሉ ከሁሉም የሰፋ ነው፤ ኖሪስም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሆኖ ዋንጫውን የመውሰድ ዕድሉ የዚያኑ ያህል የሰፋ ነው። ሁለቱ ግምቶች አይጣረሱም፤ ነገ አንዱ ውድድሩን፣ ሌላው ዓመቱን ማሸነፍ ይችላሉ። ፒያስትሪ ዕድሉ የጠበበ ቢሆንም የማክላረን ዋነኛ ጋሻ እርሱ ነው፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በ34 ነጥብ ይመራ የነበረ ሰው የአጋሩ ጠባቂ መሆን ቀላል እንደማይሆንለት ግን መታወቅ አለበት።

ሙሉውን ውድድር ለማየት ጊዜ የማይኖረው ተመልካች ሦስት ነገሮችን ቢከታተል ይበቃዋል። አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በኖሪስና በራስል መካከል ፒያስትሪ አለ ወይስ የለም? ሁለተኛ፣ ኖሪስ ጎማ ቀይሮ ሲወጣ ፊቱ ክፍት ነው ወይስ ሱኖዳ ይጠብቀዋል? ሦስተኛ፣ ከ58ቱ ዙሮች የመጨረሻዎቹ አሥር ሲቀሩ የሦስተኛውና የአራተኛው ልዩነት ስንት ሰከንድ ነው? ይህ ልዩነት ከአምስት ሰከንድ በላይ ከሆነና ኖሪስ ከፊት ካለ፣ ቬርስታፐን የቱንም ያህል ርቆ ቢመራ ዋንጫው ወደ ማክላረን እየሄደ ነው።