«አሪፍ ነው» ሂስ አይደለም!

ነገሩን ከራሳችን እንጀምር። በየቅዳሜው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካንድ ቡና ቤት ተሰብስበን፣ ለአጭር ፊልም ይሆናሉ ያልናቸውን ታሪኮች በየተራ እንናገራለን። አንዱ ይተርካል፤ ሌላው ይሰማል፤ ከዚያ ሂስ ይሰጣል። ይሰጣል እንላለን እንጂ የሚሰጠው ከሁለት ነገር አያልፍም፦ ወይ «አሪፍ ነው!» ወይ «አይሸጥም!»። ቡናው ይጠጣል፤ ሂሳብ ይከፈላል፤ ወደየሰፈራችን እንበተናለን።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ጓደኛችን ከቦሌ አራብሳ ያመጣችውን ታሪክ ተናገረች። አንድ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። መሬታቸው ለኮንዶሚኒየም ተወሰደ። ዛሬ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ የቆመውን ሕንፃ ሌሊት ሌሊት ይጠብቃሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እኛስ ምን አልን? አንዱ «ፍቅር ጨምሪበት» አለ። ሌላው «ዘበኛ ማን ያያል? ልጃቸውን ከባለቪላው ልጅ ጋር አፋቅሪልን» አለ። ሦስተኛው ስልኩን እየነካካ «አሪፍ ነው» አለ። እሷም ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ መጥታ አታውቅም።

ይህን ሂስ እንበለው? ኧረ ባካችሁ! ማናችንም «እኚህ ሰው በዚያች ሌሊት የሚፈልጉት ምንድን ነው? የሚከለክላቸውስ ማነው? ካለፉት ሌሊቶች ሁሉ ይህችን ለምን መረጥሽ?» ብለን አልጠየቅናትም። ካፖርት ደርቦ የተቀመጠ ሰው ሁኔታ ነው እንጂ ገና ታሪክ አይደለም። ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት ብድግ ብለው የድሮ ድንበራቸውን በእርምጃ መለካት ቢጀምሩ ታሪክ ይሆናል። ግን ይህ የኛ ሐሳብ ነው፤ የእሷ ምን እንደነበር ሳንሰማው ቀረን። ጥፋታችንም እዚህ ላይ ነው።

«ምን ይደረግ፣ ገበያው ነው» የሚሉን አሉ። ከመካከላችን አንድ ትኬት የሸጠ ሰው ሳይኖር የገበያ ጠበቃ ያደረገን ማነው? ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1974 በጥቁርና ነጭ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸው፤ ነገሩም የገበሬና የባላባት ነገር ነው። ያ ሐሳብ ከኛ ጠረጴዛ ቀርቦ ቢሆን «ሠርግ ጨምርበት» ሳይባል ይቀር ነበር? እኚሁ ሰው በ2008 እ.ኤ.አ. በ«ጤዛ» ከቬኒስ ፌስቲቫል የተሸለሙት በድርሰቱም ጭምር ነበር፤ በካሜራ ብቻ አልነበረም። ድርሰት ደግሞ የሚበስለው በጥያቄ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ሂስ የፈረንጅ ነገር ነው፤ ባህላችን አይፈቅድም» ይላሉ። ውሸት! የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ቢሆንም ቤቱ ከተሰበረ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ መምህሩ እዚያው ያርማል፤ ተማሪውም ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። በ«አሪፍ ነው» የሚያሰናብት የኔታ ማን ያውቃል?

በርግጥ ቃሉ ራሱ ቁስል አለበት። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» በየስብሰባው የሰው መወንጀያ ሆኖ ነበርና ከወላጆቻችን የወረስነው ፍርሃት አለ። እናም አፋችንን ዘግተን ጨዋ የሆንን ይመስለናል። ሰውን መወንጀል ሌላ፣ ሥራን መመርመር ሌላ! ሁለቱን መለየት አቅቶን የምንሸሽበት ጫካ ነው «አሪፍ» የምንለው። ባዶ ሙገሳ ደራሲውን አያከብርም፤ «ታሪክህ ጊዜዬን አይገባውም» ብሎ በትህትና መሸኘት ነው።

ስለዚህ እንላለን፦ ተራኪው ሳይጨርስ አናቋርጥ። ምክር ከመስጠታችን በፊት እንጠይቅ። ወደድኩት ያለ የቱን ትዕይንት እንደወደደ ይናገር፤ ጠላሁት ያለም እንዲሁ። የራሳችንን ፊልም በሌላው ታሪክ ላይ አንስፋበት። ይህ ካልሆነ ቡናውን ብቻ ጠጥተን እንሂድ፤ ቢያንስ ማንንም አናባርርም።

አንቺም እህታችን፣ ቅዳሜ ወንበርሽ ባዶ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው። አዛውንቱን ይዘሽልን ነይ፤ አሁን እንጠይቅሻለን።