ጥር 23 እንጅባራ ላይ ቀጠሮ አለን?

ጥር ሲመጣ «ልጆቹን ይዘን የት እንሂድ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፤ ለጥምቀት ጎንደር፣ ካልሆነም ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሁለት ቀን አድሮ መመለስ። ሁሉም ጥሩ ነው፣ አልነቅፍም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከጥምቀት 12 ቀን በኋላ ስለሚውል በዓል ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ከቴሌቪዥን ዜና መጨረሻ ላይ በምትታይ የአንድ ደቂቃ ምስል ነው፦ አቧራ፣ የሚጋልቡ ፈረሶች፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ከዚያ የአየር ሁኔታ ዘገባ። እሱ በዓል የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው። በአዊ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በእንጅባራ ጥር 23 ቀን ይከበራል።

ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው፤ የዓድዋ ድልም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው በዚሁ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የምናያቸውን የዓድዋ ሥዕሎች አስታውሱ፤ ከጦሩ በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ይታያል። አገው የዚያን ድል መታሰቢያ ሲያከብር ታዲያ ጀግኖቹን ብቻ ሳይሆን ጀግኖቹን ተሸክመው የሄዱትን ፈረሶችም ጭምር ያስባል። ለፈረስ ውለታ ብሎ በየዓመቱ የሚሰበሰብ ሌላ ማኅበር እኔ አላውቅም።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ በሉልኝ። ጣሊያን ገና አልወጣም ነበር። በዳንግላም በእንጅባራም የጦር ሰፈር ነበረው። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን መሬት የረገጡት በቀጣዩ ዓመት፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጠላት በከተማው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የዓድዋን ፈረሶች ለማሰብ ማኅበር ማቆም ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ለእናንተ ልተወው። ልጆቻችሁ የታሪክ ትምህርት ሰልችቷቸው ከሆነ ከዚህ ጀምሩላቸው።

በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ሰው ወደ አንድ ዝግጅት እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ባነር፣ ቲሸርት፣ ስፖንሰር፣ መድረክ ላይ የሚጮህ አስተዋዋቂ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10 ሺህ ሰው አሰልፎ ኃይሌ ገብረሥላሴ አሸንፎት ነበር። ዛሬ ኅዳር በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባ ቤተሰብ ቲሸርት ፍለጋ ይሯሯጣል። በሙያዬ የማደንቀው ሥራ ነው። የእንጅባራው ግን ሌላ ዓይነት ነገር ነው። እዚያ ሜዳ ላይ የሚጋልበው ሰው ትኬት የገዛ ተሳታፊ ወይም ተከፍሎት የመጣ ትርዒት አቅራቢ አይደለም። ማኅበርተኛ ነው። እኛ ከተሜዎች ነገሩን በቀላሉ የምንረዳው በእድር ነው። ማኅበርተኛ ሲሞት ፈረሰኞቹ አስከሬን ያጅባሉ፤ ሲዳር ሙሽራ ያጅባሉ፤ ሰው ሲጣላ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። ጥር 23 ማለት ይህ በአስር ሺዎች የሚቆጠር አባል ያለው እድር ዓመቱን ሙሉ በየቀበሌው ሲያደርገው የቆየውን ባንድ ሜዳ ላይ ወጥቶ የሚያሳይበት ቀን ነው። እኛ ብንሄድም ባንሄድም በዓሉ ይውላል። ለኔ ትልቁ ውበቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። ከየወረዳው፣ ከባንጃው፣ ከአንከሻው፣ ከጓጉሳው፣ ከፋግታው የሚመጡት ፈረሰኞች በቡድን በቡድን ሆነው ይገባሉ። ሽምጥ ግልቢያ አለ፤ ልጆች በጣም የሚወዱት እሱን ነው፤ መሬቱ ከእግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። ጉግስ አለ፤ አንዱ ፈረሰኛ ሌላውን እያባረረ ዘንግ ይወረውራል፣ የሚባረረው ደግሞ በጋሻው ይመክታል ወይም ፈረሱን አጥፎ ያመልጣል። ጉግስን በደንብ ለማየት ወርዋሪውን ሳይሆን የሚሸሸውን ተከታተሉ። ጨዋታው ያለው እሱ ጋ ነው፤ ወደኋላ ሳያይ መቼ እንደሚያጎነብስ የሚያውቀው ከፈረሱ ጆሮ ነው ይላሉ የሀገሩ ሰዎች።

የሥዕል አውደ ርዕይ የምትወዱ ደግሞ ወደ ሜዳው ዳር ጠጋ በሉና ፈረሶቹ ቆመው ሲጠብቁ ተመልከቱ። ኮርቻው፣ እርካቡ፣ ልጓሙ፣ ግላሱ እያንዳንዱ ለየብቻው የእጅ ሥራ ነው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ክር፣ ዘርፍ፣ ነሐስ። ሁለት አንድ ዓይነት የሆኑ ፈረሶች ፈልጌ አላገኘሁም። ይህን ሁሉ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ፣ መብራት አብርቶ፣ ትንሽ ጽሑፍ ቢለጥፉበት አዲስ አበባ ላይ መግቢያ ከፍለን ተሰልፈን እናየው ነበር። እዚያ ግን ያለቀለት ጥበብ ጭራውን እያወዛወዘ ዝንብ ያባርራል።

አንድ የማልረሳው ነገር ላጫውታችሁ። ከከተማ የመጣ አንድ አባት ልጁን ፈረስ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ሊያነሳ ፈለገና አንዱን ሸምገል ያሉ ፈረሰኛ «አባቴ፣ ለአንድ ዙር ስንት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ ፈረሴ ታክሲ አይደለም፤ ይልቅ ልጁን አምጣው» አሉና ሕፃኑን ከፊታቸው አስቀመጡት። ልጓሙንም አስያዙት። ገንዘብ ሊሰጣቸው ቢል አልተቀበሉም፤ የልጁን ስም ግን ጠይቀው ያዙ።

ከመሄዳችሁ በፊት ለልጆቻችሁ የፈረስ ስም አስተምሯቸው። የሀገራችን መሳፍንትና ጀግኖች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። በመኪና ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚያቆይ ጨዋታ ይወጣዋል፤ አንዱ የፈረሱን ስም ይጠራል፣ ሌላው ባለቤቱን ይመልሳል። የእህቴ ልጅ በስድስት ዓመቷ ለራሷ «አባ ኬክ» የሚል ስም አውጥታ ቤተሰቡ ሁሉ እስከ ዛሬ በሱ ይጠራታል።

አሁን ብዙ የማይነገረውን ላንሳ። በአዊ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በፈረስ ይታረሳል፣ ይጫናል፣ ገበያ ይኬዳል። ፈረስ ግን ይበላል። ገብስና ሣር ይፈልጋል፤ ሣር ደግሞ መሬት ይፈልጋል። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስትነዱ አዲስ ቅዳም አካባቢ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ዛፍና የተደረደረ የከሰል ማዳበሪያ ታያላችሁ። ዛፉ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዝርያ ነው። ገበሬው በማሳው ተክሎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጦ ያከስለዋል፣ መልሶ ይተክላል። አሲዳማ ሆኖ እህል እምቢ ያለው መሬት በዚህ ዛፍ ገንዘብ ሰጥቷል፣ ብዙ ቤትም ቆርቆሮ ለብሷል። ከአዲስ አበባ ምድጃ ላይ ሆኜ «አታክስሉ» የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ዛፍ የወሰደው መሬት ከፊሉ የግጦሽ መሬት ነበር። በዚያ ላይ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ገበያውን እየያዙ ነው። ወጣቱ ፈረስ ከመመገብ ሞተር ነዳጅ መሙላት ይቀለዋል። ስለዚህ ማኅበርተኛው በጥር 23 ሜዳ ላይ ያንን ያማረ ፈረስ ይዞ ሲወጣ ዓመቱን ሙሉ ከራሱ ኪስና ከራሱ መሬት ከፍሎ ነው። የበዓሉ እውነተኛ ስፖንሰር እሱ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝም እዚህ ላይ ነው። በዓሉ እየታወቀ ሲሄድ የኔ ሙያ ሰዎች መምጣታቸው አይቀርም። ባነር ይሰቀላል፣ የክብር እንግዳ ንግግር ይረዝማል፣ ፈረሱ በፀሐይ ቆሞ ይጠብቃል። ኩባንያዎች ገንዘብ ማውጣታቸውን አልቃወምም፤ ለፈረስ ህክምና፣ ለመኖ፣ ለኮርቻ ሠሪ ቢያወጡት ግን ከአስር ባነር ይበልጣል። በደረቱ ላይ የድርጅት ስም የተለጠፈበት ፈረስ ያየሁ ቀን፣ ይቅር በሉኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼን አላናግርም።

እናንተም ስትሄዱ በእንግድነት ሂዱ። ፈረሰኛን ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ልጆች ከፈረስ ኋላ አይቁሙ፣ ፊኛ አይያዙ፣ ጃንጥላ ድንገት አይክፈቱ፤ ፈረስ ይበረግጋል። ጉግስ ሲጀመር ከመስመሩ ራቅ በሉ። የምታወጡትን ገንዘብ እዚያው አውጡ፤ የቀርከሃ ወንበር፣ ቅርጫት፣ የባንጃ ድንች፣ ማር። በተለይ የቀርከሃ ሥራው ከከተማ ሱቅ ስትገዙት ዋጋው ሌላ ነው።

መንገዱን በተመለከተ፣ እንጅባራ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ያለፉት ዓመታት ለአማራ ክልል መንገደኛ ቀላል አልነበሩም። ስለዚህ መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት እዚያው ለሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውሉ፤ «ና» ካላችሁ ሂዱ፣ «ቆይ» ካላችሁ ቆዩ። የሆቴል አልጋ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ካልተገኘ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ዳንግላ አለች። ዳንግላን ዝም ብላችሁ አትለፏት። እንግሊዛዊው ሜጀር ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ቆንስል ሆኖ የተቀመጠው እዚያ ነው፤ ጣናንና ዓባይን እየዞረ ያጠናውም ከዚያ እየተነሳ ነበር። በማግስቱ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ከዋናው መንገድ ጥቂት ርቆ የሚገኘውን ዘንገናን እዩ፤ እሳተ ገሞራ የሠራው ክብ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያውን ደን ከቦታል። ልጆቹ እስኪራቡ ድረስ አይነሱም። የእንጅባራ ብርድ በጥር ቀልድ አይደለም፤ ጃኬትና ካልሲ ደርቡ። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ይለበልባል፣ ኮፍያ ያዙ።

ዘንድሮ የማይመቻችሁም ትኖራላችሁ። ጥር 23 ጠዋት ልጆቹን ይዛችሁ ፒያሳ ውጡ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ፤ ጣሊያን አውርዶ ደብቆት ከድል በኋላ የተመለሰው ሐውልት ነው። በየቀኑ እናልፈዋለን፣ ግን ቆመን ፈረሱን አናየውም። እዚያው አጠገብ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ከዚያ እንጅባራ ለሚኖር ሰው በቪዲዮ ደውሉና ስልኩን ወደ ሜዳው እንዲያዞረው ለምኑት። ድምፁን ከፍ አድርጉ፤ ኮቴው ከምስሉ ቀድሞ ይደርሳል።