ግንቡ ያላስጣለው መጽሐፍ

ሲና በረሃ፣ ቅድስት ካትሪን ገዳም ደርሼ መጣሁ። አጼ ዩስቲንያኖስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የግራናይት ግንብ ዛሬም ቆሟል። ድሮ እንግዳ በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚገባው፤ ደብረ ዳሞን የወጣ ያውቀዋል።

ያ ሁሉ ግንብ ግን አንድ መጽሐፍ አላስጣለም። ቲሸንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በ1859 (ዘመኑ በፈረንጅ ነው) ስትጠይቁኝ እመልሳለሁ ብሎ ፈርሞ፣ ከዓለም ጥንታውያን መጽሐፍ ቅዱሶች አንዱን ተውሶ ሄደ። መጽሐፉ ሩሲያ ገባ። በ1933 ሶቪየቶች ለእንግሊዝ በ100,000 ፓውንድ ሸጡት፤ 347 ቅጠሉ አሁን ለንደን ነው። «ገዳሙ እኮ በ1869 በስጦታ ፈርሟል» ይሏችኋል። መጽሐፉ ከእጁ ከወጣ ከ10 ዓመት በኋላ! ይሄ ስጦታ ነው?

በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ብራናዎቻችንም እዚያው ቤተ መጻሕፍት ናቸው። በ2018 ደግሞ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ቅርስ በረጅም ጊዜ ውሰት ልስጣችሁ አለን። ሲና ያዋሰው አልተመለሰለትም፤ እኛ ደግሞ የተዘረፍነውን እንድንዋስ ተጠየቅን።

«ቲቸር፣ ቢያንስ እናየዋለን እኮ» የምትሉኝ ልጆቼ፣ የውሰት ወረቀት የሚፈርም ሰው ባለቤቱ ሌላ ነው ብሎ ነው የሚፈርመው። እኔ ብሆን አልፈርምም።