ማበር ብቻውን ኮንቴይነር አያሻግርም

ዲምቱ ገበያ ቦሎቄ የሚሰበስብ አነስተኛ ነጋዴ ወደ ውጭ ያልዘለቀበትን ምክንያት ሲጠየቅ ካፒታል ማጣቱን ያስቀድማል። ካፒታል ማነሱ እርግጥ ነው። ይበልጥ የጎደሉት ግን ሁለት ናቸው፤ የገዢ ትውውቅና በናሙናው መሠረት የማቅረብ ችሎታ።

ትውውቅ ያለ ችሎታ አደጋ መሆኑን ወላይታ በዝንጅብል አይቶታል። የዘር ልውውጡ ገበሬን ከገበሬ፣ ወረዳን ከወረዳ ያስተሳሰረ ነበር፤ ንጹሑን ዘር ከታመመው የሚለይ አሠራር ግን አልነበረም። በ2004 ዓ.ም. የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ሲዛመት፣ ዘር ያዳረሰው ትስስር በሽታውንም አዳረሰ።

ቡና ላይ የታየው ሌላ ነው። በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የትንንሽ ገበሬዎችን ምርት አሰባስቦ፣ የፌር ትሬድና የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ይዞ፣ በቀጥታ ለውጭ ገዢ ለመሸጥ በቃ። ትውውቁን ያጸናው ማረጋገጫው ነው።

ሃያ ጫማ ኮንቴይነር 200 ኩንታል ያህል ይይዛል። አንድ የዲምቱ ነጋዴ ብቻውን ለመሙላት ይቸገራል፤ አሥር ሆነው ግን ይሞሉታል። ስለዚህ ከሽሚያው ይልቅ የጋራ ማበጠሪያ፣ የጋራ መጋዘንና ጆንያ ከመታሸጉ በፊት የሚፈትሽ ሰው ያዋጣቸዋል። የሶዶ ደላላም ዋጋ ብቻ ሳይሆን ገዢው የጠየቀውን የጥራት ደረጃ ጭምር ቢያደርስ ኮሚሽኑ ይበረክትለታል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል። ከአሥሩ አንዱ አፈር የቀላቀለ እንደሆነ ግን ተመላሹ ዕቃ የአሥሩም ነው።