ውሻው ለምን አይጎትት?

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ውሻ ነው የማወራው። "መምህር ደግሞ ውሻ ጀመረ" የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ።

ትናንት ማለዳ ሰፈራችን አስፋልት ላይ አንድ ጎልማሳ ትልቅ የጀርመን ሼፐርድ በሰንሰለት ይዞ ሲሄድ አየሁ። መያዝ ካላችሁት! ውሻው ይጎትታል፣ እሱ መልሶ ይጎትታል፤ ሲመረው በሰንሰለቱ ጫፍ ጀርባውን ገረፈው። "ምነው ወንድሜ?" ስለው "ጋሼ፣ ይሄ ካልተመታ አይገባውም" አለኝ።

ይገባዋል እንጂ! የገባው ግን ሌላ ነገር ነው። ዛፉን ለማሽተት ጎተተ፣ ባለቤቱ እየተንገዳገደ ተከተለው፣ ዛፉ ጋ ደረሰ። ታዲያ ለምን ያቆማል? እርምጃው ከሰው ይፈጥናል፤ ቀኑን ሙሉ ግቢ ታስሮ ውሎ በር ሲከፈትለት ደግሞ ሁሉም ነገር ያጓጓዋል። "ንቆኝ ነው፣ አለቃው ማን እንደሆነ ላሳየው" የሚባለውን ተረት ተዉት።

መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ገመዱ ሲወጠር ቁሙ። አትጎትቱ፣ አትጩኹ፣ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ዞር ብሎ ገመዱን ሲያላላ ተራመዱ። አጠገባችሁ ሲሄድ የጣት ጫፍ የምታክል የተቀቀለ ሥጋ እዛው ጉልበታችሁ ጋ ስጡት። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ ጸጥ ባለ መንገድ፣ በቀን ሁለቴ 10 10 ደቂቃ። የመጀመሪያው ቀን የጎረቤት አጥር ላትደርሱ ትችላላችሁ። ምንም አይደል። የሚያንቀውን ሰንሰለት ጣሉት፤ የሚጫነው የመተንፈሻ ቧንቧውን ነው። ገመዱ ፊት ለፊት ደረቱ ላይ የሚያያዝበት የደረት ማሰሪያ ካገኛችሁ፣ ሲጎትት ወደ እናንተ ያዞረዋል። ቤተሰቡ ሁሉ ደግሞ አንድ ሕግ ይያዝ። እናንተ ስትቆሙ ልጃችሁ ከተጎተተለት፣ ውሻው "አንዳንዴ ይሠራል" ብሎ ይማራል፤ ይሄን ማስተው ከሁሉም ይከብዳል።

"40 ኪሎ ውሻ በልመና ይያዛል ወይ?" ትሉኛላችሁ። 40 ኪሎ ስለሆነማ ነው! በጉልበት ከሆነ ያሸንፋችኋል። የእኔው ውሻ እናቴን በር ላይ ጎትቶ ጥሏት እጇ ተሰብሯል። ያን ቀን ገረፍኩት። በማግስቱም ጎተተ። የተለወጠው ነገር ቢኖር፣ እጄን ሳነሳ መሸማቀቁ ነው።

ያንን መሸማቀቅ አውቀዋለሁ፤ ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ። በማስመሪያዬ የተመታችሁ ተማሪዎቼ እዚህ አላችሁ። ያኔም "ካልተመታ አይገባውም" እል ነበር። ከማስመሪያው የተማራችሁት እኔን መፍራት ብቻ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።

በሉ እንግዲህ፣ "እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው" የምትሉ ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ። ብቻ መጀመሪያ ገመዱን አላሉት።